ቴሌፎኒስቷ ያመነችው ጥፋት

ፖስተኛው በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት በዝናብም በፀሐይም ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ ከደወሉ በፊት ነቅቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቅ ነበር።

ያን ሰኞ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። ሲስተሮቹ ከጸሎት ወጡ። ቁርስ በየአልጋው ዞረ። ፖስተኛው አልነቃም።

ሐኪሙ መጣ። የዓይኑን ቆብ ገልጦ አየ። ከአልጋው ራስጌ የተቀመጠችውን ትንሽ የመድኃኒት ብርጭቆ አንስቶ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ።

«ይሄ የልብ መድኃኒት አይደለም» አለ። «የእንቅልፍ ነው። ደግሞ ትንሽ አይደለም። ፖሊስ ጥሩ።»

የመጣው መርማሪ ጡረታው የተቃረበ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ባልደረቦቹ በሌለበት «አባ ጠርጥር» ይሉታል። የገዛ ጥላውን መታወቂያ ይጠይቃል እያሉ ያሙታል። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠረጥረው ሰው እንኳ የለውም።

ቤቱ ሰባት የካቶሊክ ሲስተሮች ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን የሚያስታምሙበት ነው። ከሲስተሮቹ ጋር ሁለት ምእመናን ይኖራሉ። ቆብ አልደፉም፣ መሐላም አልገቡም፤ በገዛ ፈቃዳቸው መጥተው ያለ ደሞዝ የሚያገለግሉ ናቸው። አንደኛው አትክልተኛው ነው። ሁለተኛዋ ቴሌፎኒስቷ ናት። ቴሌፎኒስቷ ሠላሳ ዓመት የሰው ስልክ ስታገናኝ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ለራሷ የሚደውልላት ሰው አጣች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣችና የሲስተሮቹን በር አንኳኳች።

መርማሪው ሲገባ ይህችው ሴት ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ አገኛት። ግንባሯ ሲሚንቶውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሲስተሮቹ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። የሚያናግራት የለም።

«ምን ሆና ነው?»

ማዘር፣ የቤቱ አለቃ፣ ረጅምና ቀጭን ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አምናለች» አሉ። «የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን የከፈትሽው አንቺ ነሽ፤ ብርጭቆውን ያቀበልሽውም አንቺ ነሽ፤ ሰውየውን ምን አደረግሽው? ብዬ ተቆጣኋት። ወዲያው ተንበርክካ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› አለች። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም።»

«ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አንድ ሰዓት ይሆናል።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ክንዷን ያዘ። «ይነሱ» አላት። እሷ ግን እሱን አላየችም፤ ቀና ብላ ማዘርን አየች። ማዘር ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቷን ይዛ የተነሳችው።

ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲስተር ነርሷ መድኃኒቱን በየብርጭቆው ትለካለች። ቴሌፎኒስቷ ተቀብላ በየአልጋው ታደርሳለች። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቁልፉን ወስዳ የመድኃኒቱን ቁም ሳጥን ያጸዳችው እሷ ናት። ፖስተኛው «ደከመኝ፣ በቃ አስተኙኝ» እያለ በየቀኑ ይለምን ነበር። ይህን በሰማች ቁጥር ኩሽና ገብታ እንደምታለቅስ ሁሉም ያውቃል።

«አዝናለት ነው» አሉ ሲስተሮቹ። «ክፋት የለባትም። አዝናለት ነው።»

ሲስተር ነርሷ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ቤት ብቻ አርባ ዓመት አስታማለች። ቃሏን አጭር አድርጋ ሰጠች። «የልቡን ሃያ ጠብታ ራሴ ለካሁ። ከእጄ ከወጣ በኋላ የሆነውን አላውቅም።»

አትክልተኛውም ቃሉን ሰጥቶ፣ በጨርቅ ከተጠቀለለው እጁ አውራ ጣቱን አውጥቶ በአሻራ ፈረመ። እሱ ከፖስተኛው ጋር ዓይንና ናጫ ነበር፤ ቅጠል ባቃጠለ ቁጥር ፖስተኛው በመስኮት ይሰድበው ነበር። ግን እሑድ ዕለት ወደ ክፍሉ ሲጠጋ ያየው የለም።

መርማሪው ቴሌፎኒስቷን ይዞ ወደ ጣቢያ ሄደ።

«ስንት ጠብታ ጨመሩበት?»

«አላውቅም።»

«ከየትኛው ጠርሙስ?»

የቀሚሷን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረች።

«መቼ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ጥፋቱ የርስዎ ከሆነ፣ እንዴት እንደተሠራ ከርስዎ በላይ ማን ያውቃል?»

አንገቷን ደፋች። የተቀመጠችበት ወንበር ጮኸ። የወንበሩ እግር ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል፤ የሰነጠቀውም በምሳ የማይታማው ሳጅን ነው።

«ይቅርታ» አለች ብድግ ብላ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። በሥራ ዘመኑ የካዱ ሌቦች፣ የካዱ ነፍሰ ገዳዮች፣ ስማቸውን እንኳ የካዱ አይቷል። የሰው ወንበር ጥፋት ለራሱ የሚወስድ አላየም።

«የምንጠራልዎ ቤተሰብ አለ?»

«የለም።»

«ጓደኛስ?»

አሰበች። «ሲስተሮቹ አሉ። ማዘር መጥተው ነበር?»

«አልመጡም።»

«ይመጣሉ» አለች።

ያን ቀን ማንም አልመጣም። በማግስቱም እስከ እኩለ ቀን ማንም አልመጣም። ጥርጣሬው ልቡን የበላው መርማሪ ተነስቶ ራሱ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማዘር ምሳ ጋበዙት። እምቢ ሊል ነበር። ግን ከሰው ጋር ተቀምጦ ምሳ የበላው መቼ ነበር? ማስታወስ አቃተውና ተቀመጠ።

ሲስተሮቹ ሲበሉ አይነጋገሩም። አንዲት ባለ ተራ ቆማ መጽሐፍ ታነባለች፤ ሌላው ይሰማል። የዚያ ቀን ያነበቡት ማዘር ራሳቸው ነበሩ። መርማሪው ዳቦ ለማንሳት ሲንጠራራ ክርኑ የውኃ ብርጭቆውን መታው። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ።

ይቅርታ ለማለት አፉን ሳይከፍት፣ ከጎኑ የነበረችው በዕድሜ ትንሿ ሲስተር ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«ተነሺ» አሉ ማዘር፤ ንባባቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

መርማሪው ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። በገዛ ዓይኑ ፊት፣ እሱ ለሠራው ጥፋት ሌላ ሰው አምኖ፣ ተፈርዶበት፣ ምሕረትም አግኝቶ አለቀ። ሁሉም ነገር ከአንድ ጉርሻ በላይ አልፈጀም።

ምሳው እንዳበቃ ማዘርን በሩ ላይ ያዛቸው።

«ምን ነበር እሱ?»

«የማኅበራችን የቆየ ልማድ ነው» አሉ። «ነገር ሲበላሽ፣ ወይ ጣት ሲቀሰርባት፣ አንዲት ሲስተር ራሷን አትከላከልም። ትንበረከካለች። ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። ተነሺ ካልተባለች አትነሳም፣ ተናገሪ ካልተባለች አትናገርም። ትሕትና ለመማር ነው።»

«ያላጠፋችውንም?»

«በተለይ ያላጠፋችውን።»

«እንግዲያው ያቺ እስር ቤት ያስገባኋት ሴት...»

«እሷማ ሲስተር አይደለችም!» ማዘር ፈጠን ብለው አሉ። «እንግዳችን ናት። ደንቡ አይመለከታትም። እንግዳ ይንበረከካል? ከልቧ ባይሆን ኖሮ አትንበረከክም ብዬ እኮ ነው ያመንኳት...»

ቃሉ አላለቀላቸውም። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ይህን ልማድ ስንት ጊዜ ስታይ ኖራለች?» አለ መርማሪው።

«አንድ ዓመት ተኩል» አሉ ማዘር። «በየቀኑ።»

በምግብ ቤቱ በር ላይ የአንባቢዎች ተራ ተለጥፏል። መርማሪው ወረቀት አይቶ አያልፍም። የሲስተር ነርሷ ተራ በደረሰ ቁጥር በእስክሪብቶ ተሰርዞ «ቴሌፎኒስቷ» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ሳምንትም እንደዚያው ነው።

«ተራዋን ለሷ ትሰጣታለች» አሉ ማዘር። «እንድትለማመድ ብላ። ታቀርባት ነበር። ዛሬ ግን ጉሮሮዬን አሞኛል ስላለች እኔ አነበብኩ።»

መርማሪው የመድኃኒቱን ክፍል አስከፈተ።

ቁም ሳጥኑ ንጹሕ ነው። ጠርሙሶቹ ረጅሙ ካጭሩ፣ ወፍራሙ ከቀጭኑ ተደባልቀው ተደርድረዋል። የልቡና የእንቅልፉ ጠብታ የሚቀመጡባቸው ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው የተለጠፈባቸው ጽሕፈት ብቻ ነው። መርማሪው አንዱን አነሳ። አንገቱ ላይ ሰማያዊ የስፌት ክር ታስሯል። ክሩ አንድ ቋጠሮ አለው። ሌላው ሁለት። ሌላው ሦስት።

ዓይኑን ጨፈነና በጣቱ ዳሰሳቸው። ሳያይ መለየት ይቻላል።

ይህን ያሰረ ሰው ጽሕፈቱ አይጠቅመውም ማለት ነው። አባ ጠርጥር ወዲያው ያ በአሻራ የፈረመው አትክልተኛ ትዝ አለው። በጓሮ በኩል ዞሮ ጽጌረዳ ሲገርዝ አገኘው።

«አንተ፣ ፊደል ቆጥረሃል?»

አትክልተኛው መቀሱን አስቀምጦ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሃያ ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ» አለ። «ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። በአሻራ የፈረምኩት ጣቶቼን እሾህ ወግቶኝ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቃሌን የጻፉበት ወረቀት ላይ አራት የፊደል ስሕተት አለ። ላርምልዎት?»

መርማሪው አንገቱን ሰብሮ ወጣ። ወደ ጣቢያ ተመለሰና ቴሌፎኒስቷን አስጠራት። ይህን ጊዜ ደህናውን ወንበር ሰጣት።

«ምሳ ላይ ብርጭቆ ሰበርኩ» አላት። «አንዷ ሲስተር ተንበረከከችልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ትንሿ ናት። ሁልጊዜ እንደቀደመች ነው።»

«ፖስተኛውን ገድለዋል?»

«አልገደልኩም።»

«ታዲያ ምነው? ሁለት ቀን ሙሉ!»

«ማዘር ተናገሪ አላሉኝማ። ደግሞም የለካችው ሲስተር ነርሷ ናት። ራሴን ነጻ ካወጣሁ ጣቴ ወደ ማን ሊዞር ነው?» እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ሌላም ነገር አለ። አይሳቁብኝ።»

«አልስቅም።»

«አንድ ዓመት ተኩል ‹እርስዎ› ሲሉኝ ኖሩ። ይቀመጡ፣ ይተዉት፣ አይድከሙ፣ እናመሰግናለን። ሲስተሮቹን ይቆጣሉ፤ እኔን ያመሰግናሉ። ሰው ሲመሰገን የሚውለው ባዳ ሲሆን ነው። ያን ቀን ግን ተቆጡኝ። አንቺ አሉኝ። ሞኝነት ነው። ግን ደስ አለኝ። ፖስተኛው እዚያ ሞቶ ተኝቶ፣ እኔ ደስ አለኝ። እሱ ነው ጥፋቴ።»

መርማሪው መዝገቡን ገለጠ።

«ቅዳሜ ጠርሙሶቹን ሲያጸዱ ክር ነበረባቸው?»

«የምን ክር?»

«እሺ፣ እንዴት አድርገው መለሷቸው?»

«በቁመታቸው ደረደርኳቸው። ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት። ድሮ የተዘበራረቁ ነበሩ። ሲስተር ነርሷ ደስ ይላታል ብዬ።»

«ነገሯት?»

«አልነገርኳትም። ራሷ እንድታየው ብዬ።»

መርማሪው መዝገቡን ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ነርሷ በመድኃኒቱ ክፍል ብቻዋን ነበረች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛውን ሞልታዋለች። ማዘር በሩ ላይ ቆሙ። መርማሪው ገብቶ አንድ ትንሽ ጠርሙስ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ሲስተር፣ እስቲ ይሄን ይመልከቱልኝ።»

ጣቷ ወዲያው ወደ ጠርሙሱ አንገት ሄደ። ዳሰሰች። ክር የለም። ወደ ብርሃኑ አንስታ አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

«የልብ ነው» አለች።

«የኔ የሳል መድኃኒት ነው። ከኪሴ ነው ያወጣሁት።»

ጠርሙሱን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ መርማሪው።

«ሁለት ዓመት። መጀመሪያ ጽሕፈቱ ሄደ። ከዚያ የሰው ፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ማዘር ከበሩ።

«ብነግርሽ የት ትልኪኝ ነበር?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። መሥራት ያቃታት ሲስተር ሩቅ ከተማ ወዳለው የማኅበሩ የአሮጊቶች ቤት ትሄዳለች።

«እዚያ የሚያውቀኝ ሰው የለም» አለች ሲስተር ነርሷ። «እዚህ ጨለማ ውስጥ ሲሳል እንኳ ማን እንደሳለ አውቃለሁ። ማን በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ አውቃለሁ። ጠርሙሶቹን ቦታቸውን ይዤ ነበር፤ የልቡ ከግራ ሦስተኛ። ሁለት ዓመት አንድ ጠብታ ተሳስቼ አላውቅም። እሑድ ሦስተኛውን አነሳሁ። ሃያ ለካሁ። የእንቅልፉ ልኩ ሦስት ጠብታ ነው። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ብርጭቆውን ሲያሸት ሮጬ መጥቼ ቁም ሳጥኑን ዳሰስኩት። ሁሉም ቦታውን ለቋል። ሌሎቹ በሽተኞች የደረሳቸው የማይጎዳ ሆኖ ነው የተረፉት።»

«ከዚያ በየቦታቸው መልሰው ክሩን አሰሩ።»

«አሽትቼ ነው፤ ሽታቸውን አውቃለሁ። እሑድ ባሸት ኖሮ... ልናገር ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። እሷ ቀድማ ተንበርክካ ነበር።»

«መንበርከኳ ልማዳችሁ እንደሆነ አላወቁም?»

«ከሁሉም በላይ እኔ አውቅ ነበር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ‹ጣት ሲቀሰርብሽ ዝም በይ› ያልኳት እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ላልሰበርኩት ብርጭቆ ስንበረከክ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን በእውነት ስሰብር ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

ማዘር ግንባራቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ያለቅሱ ነበር። መርማሪው የፈታው ነገር ደስ ሳይለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቴሌፎኒስቷ በዚያው ቀን ተፈታች። ማዘር መኪና ይዘው መጡ።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ። «በጣም በድለንዎታል። ክፍልዎ ተጠርጎ ይጠብቅዎታል። ስለ ሁሉም እናመሰግናለን።»

«ማዘር» አለች ቴሌፎኒስቷ፤ «ሁለት ቀን ሙሉ ለምን አልመጡም?»

«አፍረን ነው።»

«ከሲስተሮቹ አንዷ ብሆንስ? ገድላም ቢሆን አይመጡም ነበር?»

ማዘር ውሸት የማያውቁ ሴት ናቸውና «እመጣ ነበር» አሉ።

ቴሌፎኒስቷ ሻንጣዋን በኋላ እንዲልኩላት ለምና በእግሯ ሄደች። ከተማው ዳር አንዲት መስኮት ያላት ክፍል ተከራየች። ሲስተር ነርሷ ዐቃቤ ሕግ እስኪወስን ድረስ በሴቶች ማረፊያ ቤት ተቀመጠች።

ሐሙስ የጠያቂ ቀን ነው። መርማሪው ወረቀት ሊያስፈርም መጥቶ፣ ቴሌፎኒስቷን ሁለት ጋዜጣ በብብቷ ይዛ ሰልፍ ላይ አገኛት።

«ይቅር አሏት ማለት ነው?» አላት።

«አላልኩም» አለች። «ተናድጃለሁ። ማታ ማታ ብቻዬን ተቀምጬ እናደዳለሁ። የምትወደኝ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ሆኜ ኖሬያለሁ ለካ። ግን አሁን ማን ያነብላታል?»

ተራዋ ደረሰ። ጠባቂዋ ከመዝገቡ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ማንን ነው?»

«ሲስተር ነርሷን።»

«ዝምድና?»

ቴሌፎኒስቷ ጋዜጦቹን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። ከኋላዋ ያሉት ተቁነጠነጡ።

«የታሰርኩላት ነኝ» አለች።

«እሱ ዝምድና አይደለም፣ እትዬ።»

«እኔ ከዚህ የቀረበ ዝምድና የለኝም።»

ጠባቂዋ ብዕሯን ይዛ ወደ መርማሪው ዞረች።

«ቤተሰብ ብለሽ ጻፊ» አላት።